ኮንትሮል ሲ ከየት መጣ?

ኪቦርድ ላይ ኮንትሮልን ይዘን ስንሠራ ኮፒ በሲ መሆኑ ይገባኛል፤ የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ፔስት (መለጠፊያው) ግን ለምን ቪ ሆነ? ከት (መቁረጫው) ለምን ኤክስ? የሠራነውን መልሶ የሚያፈርስልን ዜድስ? ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያውለኛል። እነዚህን ቁልፎች ሳላስባቸው ስጫን ኖሬ አንድ ቀን ጥያቄው ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ስለነሱ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆይቻለሁ።

ሁሌም የነበሩ ይመስሉናል። ግን እያንዳንዳቸውን የወሰነ ሰው አለ። አንዳንዱ ውሳኔ ብዙ ተለፍቶበታል፣ አንዳንዱ በደቂቃዎች ውስጥ ያለቀ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቁ ለኔ ቁም ነገር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የከት እና የፔስት ታሪክ የሚጀምረው ከመቀስና ከሙጫ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላሪ ቴስለር የሚባል ወጣት ፕሮግራመር ካሊፎርኒያ ውስጥ ለሚድ ፔኒንሱላ ፍሪ ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ካታሎግ ያዘጋጅ ነበር። ያን ጊዜ ገጽ ማቀናበር የእጅ ሥራ ነው። የተተየበውን ወረቀት በመቀስ ይቆርጡታል፣ ቦታውን ይፈልጉለታል፣ በሙጫ ይለጥፉታል። ካልተስማማ ልጠው እንደገና ይለጥፋሉ። ቴስለር ይህ ሁሉ ስክሪን ላይ መሠራት አለበት ብሎ ያሰበው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቆርጥና ሲለጥፍ ነው።

በ1973 የፎቶ ኮፒ ማሽን ኩባንያው ዜሮክስ ካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ ውስጥ ባቋቋመው የምርምር ማዕከል ሥራ ጀመረ። ማዕከሉ በአጭሩ ፓርክ ይባላል። እዚያ አልቶ የሚባል ኮምፒውተር ነበር። ማውስ አለው፤ ስክሪኑ እንደ ወረቀት በቁመቱ የቆመ ነው። በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ የሠሩት ብራቮ የተባለ የመጻፊያ ፕሮግራምም ነበረው። ለዘመኑ ብራቮ ጉድ የሚያሰኝ ነገር ነው። ግን አንድ ክፉ አመል ነበረበት።

ብራቮ የሚሠራው በሞድ ነው። አንደኛው ሞድ ውስጥ ስትሆኑ የነካችሁት ፊደል ይጻፋል። ሌላኛው ውስጥ ስትሆኑ ያው ፊደል ትእዛዝ ይሆናል። የትኛው ላይ እንዳላችሁ ማስታወስ የናንተ ፋንታ ነው። አሁን አንድ ሰው መጻፊያው ላይ ያለ መስሎት ኤዲት የሚለውን ቃል ተየበ እንበል። ኢ፣ ዲ፣ አይ፣ ቲ። ብራቮ ግን ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ኢ ማለት ሁሉንም ምረጥ ማለት ነው። ዲ ማለት ደምስስ። አይ ማለት ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ጻፍ። የቀረችው ቲ ነች፤ እሷን ጻፋት። ሰውዬው ቀና ሲል የደከመበት ሰነድ በሙሉ የለም። ስክሪኑ ላይ ያለችው አንዲት ቲ ብቻ ናት።

ቴስለር ሞድን ጠላቱ አደረገ። የአነጋገር ማጋነን አይደለም፤ የመኪናው ታርጋ ሳይቀር «ኖ ሞድስ» (ሞድ አይኑር) የሚል ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ይህን አንድ ነገር ሲሰብክ ኖረ። ሰው የሚጽፍበትን ማሽን ሁኔታ በጭንቅላቱ ይዞ እንዲዞር መጠየቅ ግፍ ነው ብሎ ያምን ነበር። እኔም አምናለሁ።

ያሰበውን ለመሞከር ዕድል ያገኘው በአንድ አሳታሚ በኩል ነው። ጂን ኤንድ ካምፓኒ ማሳቹሴትስ ሌክሲንግተን የነበረ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ነው፤ ባለቤቱም ዜሮክስ ነበር። አሳታሚው ለአርታኢዎቹ የሚሆን ፕሮግራም ፈለገ። ሥራውን ከቴስለር ጋር የያዘው ቲም ሞት ነው። ቲም ሞት ሌክሲንግተን ሄዶ ከአርታኢዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ሲሠሩ አየ። በእርሳስ ሲያርሙ፣ በመቀስ ሲቆርጡ፣ ሲለጥፉ አየ።

ቴስለር በበኩሉ ፓርክ ውስጥ አዲስ የተቀጠረች አንዲት ጸሐፊን አስቸገረ። የፓርክን ፕሮግራሞች ገና አልለመደችም፤ እሱም የፈለገው ለዚያ ነው። ባዶ ስክሪን ፊት አስቀመጣትና እርማት የተሞላ ወረቀት ሰጣት። ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ እንዳለ ቁጠሪው፣ እርማቱን እንዴት ታስገቢዋለሽ ብሎ ጠየቃት። እሷም መናገር ጀመረች። እዚህ ጋ አመለክታለሁ፣ ይህን አወጣዋለሁ፣ እዚህ ይህን እጽፋለሁ እያለች። እሱ ይጽፋል። ፕሮግራሙ ገና አልተሠራም፤ እንዴት መሥራት እንዳለበት የምትነግረው ግን እሷ ነች።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ፕሮግራም ጂፕሲ ይባላል። በ1975 ተጠናቀቀ። ጽሑፉን በማውስ ትመርጡታላችሁ፣ ከት ታደርጉታላችሁ፣ የፈለጋችሁበት ሄዳችሁ ፔስት ታደርጉታላችሁ። ፊደል ሁልጊዜ ፊደል ነው፤ በድንገት ትእዛዝ አይሆንባችሁም። አንድ ቃል ላይ ሁለቴ ክሊክ አድርጎ ቃሉን መምረጥም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው፤ ሐሳቡ የቲም ሞት ነው። ዛሬ ማንም ሰው ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ የሚያደርገው ነገር አብዛኛው እነዚህ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ካዩዋቸው አርታኢዎች የመጣ ነው።

ፊደሎቹ ግን ገና አልተመረጡም ነበር። ቴስለር በ1980 ወደ አፕል ሄዶ ሊዛ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ሠራ። ሊዛ በጥር 1983 ገበያ ላይ ስትወጣ ዋጋዋ 9,995 ዶላር ነበር። ብዙ ሰው አልገዛትም። የኪቦርዷ ልማድ ግን በዓለም ዳርቻ ተሰራጨ።

ቴስለር ስለ ምርጫው ተጠይቆ መልሷል። ኤክስ መሰረዣ ነው፤ ማንም አስተማሪ ደብተር ላይ የሚያደርገው ምልክት ነው። ሲ የኮፒ መነሻ ነው። ቪ ደግሞ ከአርታኢዎች እርሳስ የመጣች ናት። በእንግሊዝኛ እርማት የተረሳ ቃል የሚገባበትን ቦታ ለማሳየት ከመስመሩ ሥር ጫፏ ወደ ላይ የሆነች ትንሽ ምልክት ይደረጋል። እሷን ገልብጧት፣ ቪ ትሆናለች። «እዚህ ጋ አስገባ» ማለት ነው። ዜድ ደግሞ ጎረቤት ናት፤ ቅርጿም ወደ ፊት ሄዶ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ፊት የመሄድን ነገር ያሳያል ብሏል። አራቱም ከታች በግራ በኩል ተርታ ተቀምጠዋል፣ ከትእዛዝ ቁልፉ አጠገብ፤ አፕል ላይ የኮንትሮልን ሥራ የሚሠራው ይህ ቁልፍ ነው። ቀኝ እጅ ማውሱን ይዞ ግራው ሥራውን ይሠራል።

ቪን በተመለከተ ያነበብኩት ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ። የእርማት እርሳስ በየኪቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ እስከ ዛሬ አለ።

ጉዳቱም አልቀረም። ቅደም ተከተሉ የሚያምረው በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ላይ ነው። ጀርመኖች ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ስለዚህ የጀርመን ጸሐፊ የሠራውን ለመመለስ ጣቱን ወደ ላይኛው ረድፍ መላክ አለበት። ፈረንሳዮቹም ጋ ዜድ ላይኛው ረድፍ ላይ ናት። ስፔኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። በስፓኒሽ ወርድ ላይ ሴቭ የሚደረገው በኮንትሮል ጂ ነው፤ ማስቀመጥ የሚለው ቃላቸው በጂ ስለሚጀምር። የቋንቋ ነገር አቋራጭ ቁልፍ ውስጥም ገብቶ ያምሳል።

አፕሎች ከሊዛ ወደ ማኪንቶሽ (ማክ) ሲያልፉ ደግሞ አንድ የምወደው ነገር ሆነ። የትእዛዝ ቁልፉ ምልክት መጀመሪያ የአፕል አርማ፣ ያቺ የተገመጠች ፖም ነበረች። በየሜኑው ከእያንዳንዱ አቋራጭ ጎን ፖም ይታያል። በ1983 ስቲቭ ጆብስ አየውና ተቆጣ። አርማችንን መጫወቻ አደረጋችሁት፣ አንሱት አለ። ማኑዋሉ ሊታተም ነው፣ ጊዜ የለም። የማክ ፊደሎችንና ምስሎችን የምትሠራው ሱዛን ኬር የዓለም አቀፍ ምልክቶች መዝገብ ይዛ ስታገላብጥ አንድ ነገር አገኘች። አራት ማዕዘኑ ላይ አራት ቀለበት ያለው ካሬ። ስዊድን ውስጥ ለጎብኚዎች «እዚህ የሚታይ ነገር አለ» ብሎ የሚያመለክት የመንገድ ምልክት ነው። ምልክቱ ራሱ በጣም ጥንታዊ ነው፤ ጎትላንድ ደሴት ላይ ከ1,400 ዓመት በላይ በቆየ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ተገኝቷል። ዛሬ ማክ ያለው ሰው ሁሉ ጣቱ ሥር አለ።

አሁን ወደ ኮንትሮል ልምጣ። ይህኛው ከቴስለር ታሪክ ሁሉ ይቀድማል፤ ባሕርይውም የተለየ ነው።

ኮንትሮል የተወለደው ስክሪን በሌለበት ዘመን ነው። ቴሌታይፕ የሚባሉ ማሽኖች ነበሩ። ኪቦርድ ያለው ማተሚያ ናቸው፣ በሽቦ ከሩቅ ማሽን ጋር የሚነጋገሩ። በ1963 አስኪ የተባለው የቁጥር ሰንጠረዥ ወጣ። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ተሰጠው። ትልቁ ኤ 65 ነው፣ ቢ 66፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከ0 እስከ 31 ያሉት ቁጥሮች ግን የሚታተም ነገር የላቸውም። ለማሽኑ የሚሰጡ ትእዛዞች ናቸው፤ ደውል ደውል፣ ወደ ታች ውረድ፣ መልእክቱ አለቀ የሚሉ። እነሱን ለመላክ ኮንትሮልን ይዘው ፊደል ይጫናሉ። ኮንትሮል የሚሠራው ሥራ ከፊደሉ ቁጥር ላይ 64 መቀነስ ነው። በቃ ይኸው ነው። ጂ 71 ነች፤ 64 ሲቀነስ 7። ሰባት ቁጥር ደውል ናት። ኮንትሮል ጂ ስትጫኑ ሌላ ከተማ ያለ ቴሌታይፕ ላይ እውነተኛ ደወል ቃ ይላል።

ሲ ሦስተኛ ናት። ሦስት ቁጥር «ጽሑፉ አለቀ» ማለት ነበር። ከዚያ ተነስተው ኮምፒውተር ሠሪዎች «የሚሠራውን ፕሮግራም አቁም» አደረጉት። ፕሮግራመር የሆናችሁ ዛሬም ጥቁሩ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ኮንትሮል ሲ ብትሉ የሚሆነው ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ሁለት ሥራ ያዘ። በአንዱ መስኮት ኮፒ ነው፣ በሌላው ግደል። ማክ ላይ ይህ ግጭት የለም፤ የቴስለር ፊደሎች በሌላ ቁልፍ ስለሚሠሩ ኮንትሮል ለጥንቱ ሥራው ተተወ። እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም በሆነው ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ውስጥ ኮፒ ለማድረግ ሺፍት የምትጨምሩት በዚህ የተነሳ ነው።

ኤስ ደግሞ የባሰ ጉድ አላት። ኮንትሮል ኤስ በቴሌታይፕ ዘመን «መላክ አቁም» ነበር። ማሽኑ የሚያነበው የተበሳ ወረቀት ጥቅልል ነበረ፤ ተቀባዩ ሲጨናነቅ ኤስ ይልካል፣ ወረቀቱ ይቆማል። ኮንትሮል ኪው ሲመጣ ይቀጥላል። ዛሬ ሊኑክስ የጀመረ ልጅ ተርሚናል ላይ እየጻፈ በልማዱ ሴቭ ሊያደርግ ኮንትሮል ኤስ ይላል። ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ኪቦርዱን ቢደበድብ ምንም የለም። ስታክ አደረገ ብሎ ይዘጋዋል። የሠራው ሥራም አብሮ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልጅ አጠገባችሁ ካለ ኮንትሮል ኪው እንዲጫን ንገሩት። ያ ጥቅልል ወረቀት ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ትእዛዙ ግን አሁንም ይፈጸማል።

ከዚህ ወገን አንድ ልጨምር። ቪአይ የሚባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት በኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ነው። ለምን እነዚህ? ቢል ጆይ በ1976 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሙን ሲሠራ የተጠቀመበት ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ) ኤዲኤም ሦስት ኤ ይባላል። በዚያ ኪቦርድ ላይ የቀስት ምልክቶቹ የተሳሉት እነዚሁ አራት ፊደሎች ላይ ነበር። «ሆም» የሚለው ቃል የተጻፈበት ቁልፍ ደግሞ ያቺ ሞገድ የምትመስለው ምልክትም ያለችበት ነው። ዩኒክስና እሱን የተከተለው ሊኑክስ ላይ የራሳችሁን ፎልደር በሞገዷ የምትጠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ያንን ተርሚናል በዓይኑ ያየ ስንት ሰው አለ? ልማዱ ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ድረስ ይማሩታል።

ኮንትሮል፣ አልት፣ ዲሊት ለብቻው ነው።

በ1980 የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ፍሎሪዳ ቦካ ራተን ውስጥ የግል ኮምፒውተር እንዲሠሩ ጥቂት መሐንዲሶችን መደበ። የመጀመሪያዎቹ 12 ነበሩ ይባላል። ዴቪድ ብራድሊ አንዱ ነው። ሥራው ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም መጻፍ ነበር። ያልበሰለ ማሽን ደግሞ ስታክ ማድረግ ሥራው ነው። በየጊዜው ማጥፋትና ማብራት፣ የማስታወሻ ፍተሻው እስኪያልቅ መጠበቅ። ብራድሊ ለሥራ ባልደረቦቹ ብሎ ማሽኑን ሳያጠፉ እንደገና የሚያስነሳ አቋራጭ ጻፈ። ጥቂት ደቂቃ እንደፈጀበትና ወደ ቀጣዩ ሥራ እንዳለፈ ተናግሯል።

መጀመሪያ የመረጠው ኮንትሮል፣ አልትና እስኬፕን ነበር። ሦስቱም በግራ በኩል ስለሆኑ በአንድ እጅ ሳያስቡት ሊነኩ ይችላሉ። ሜል ሃለርማን የተባለ የሥራ ባልደረባው ይህን አይቶ እስኬፕን በዲሊት እንዲለውጥ መከረው። ዲሊት በቀኝ ጥግ ነች። አሁን ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ሆን ብሎ ካልሆነ በስተቀር አይጫንም። ይህቺን ምክር በጣም ነው የማደንቃት። አቋራጭ ሁሉ ቅርብ መሆን የለበትም። የሚያጠፋ ነገር ከእጅ ራቅ ማለት አለበት።

ይህ ቁልፍ ለሕዝብ የታሰበ አልነበረም። ኮምፒውተሩ በነሐሴ 1981 ሲወጣ አብሮ ወጣ እንጂ። ከዚያ ዊንዶውስ መጣ፣ ዊንዶውስም ስታክ ያደርጋል፣ ዓለም ሁሉ ሦስቱን ጣት ተማረ። በ2001 በኮምፒውተሩ 20ኛ ዓመት በዓል ላይ ብራድሊ ቢል ጌትስ አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ፣ የፈለሰፍኩት እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ዝነኛ ያደረገው ግን ቢል ነው አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ጌትስ ራሱ በ2013 ሃርቫርድ ላይ ለመግባት ሦስት ቁልፍ ማስጫናችን ስህተት ነበር፣ አንድ ቁልፍ ይበቃ ነበር ብሏል። እኔ ግን ዊንዶውስ ኤንቲ በተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ የነበረውን ምክንያት እረዳለሁ። ሦስቱ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ የሚሰማው ራሱ ሲስተሙ ብቻ ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ሊጠልፈው አይችልም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የይለፍ ቃል መጠየቂያ እውነተኛው መሆኑ ይታወቃል፤ ሌባ ያዘጋጀው አስመሳይ ገጽ አይደለም።

አይቢኤም በ1987 ደግሞ ሁሉም ፕሮግራም አንድ ዓይነት ቁልፍ እንዲጠቀም ደንብ አወጣ። አልት ኤፍ አራት መዝጊያ፣ ኤፍ አንድ እርዳታ የሆኑት ከዚያ ነው። በዚያ ደንብ ከት ሺፍት ዲሊት፣ ኮፒ ኮንትሮል ኢንሰርት፣ ፔስት ሺፍት ኢንሰርት ነበር። ዊንዶውስ ይህን ተከትሎ ቆይቶ በ1992 በ3.1 ዕትሙ ላይ የቴስለርን ፊደሎች በኮንትሮል አስገባ። የድሮዎቹም አልጠፉም፤ ሞክሯቸው፣ ብዙ ቦታ አሁንም ይሠራሉ። ሰዉ ግን የመረጠው ኤክስ፣ ሲ፣ ቪን ነው። ለኔ አይገርምም። አንደኛውን ኮሚቴ ጻፈው። ሌላኛውን የመረጠው ሌሎች ሲሠሩ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምን አገባኝ? የምጽፈው በአማርኛ ስለሆነ ነው።

በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሞድ ውስጥ ነው የሚኖረው። አማርኛ በርቷል፣ አማርኛ ጠፍቷል። አልትና ሺፍት ተጫንክ፣ አልተጫንክም። ዓይንህ ወረቀት ላይ ከሆነ አታውቅም። ያ ቴስለር ታርጋው ላይ ጽፎ የተቃወመው ነገር እኛ ጋ የዕለት እንጀራ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጣቸው የጋራ ሰንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ያ ትልቅ ድል ነው፤ በአንዱ ኮምፒውተር የተጻፈው ሌላው ላይ የማይነበብ ሆኖ የሚታይበት ዘመን ማብቃት የጀመረው በሱ ነው። ፊደሉ ተከበረ። የሚጽፈው ሰው እጅ ግን ገና የሚገባውን ትኩረት አላገኘም።

ባለፈው ፍርድ ቤት አጠገብ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች አንዱ ውስጥ ውል ላስጽፍ ገብቼ ነበር። ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በር ላይ የቆመ ሰልፍ። የምትጽፈው ሴት እጇን ማየት ደስ ይላል። የቆየ የክስ ማመልከቻ ትከፍታለች፣ ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል ሲ፣ አዲስ ገጽ፣ ኮንትሮል ቪ። ከዚያ ስሙን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑን ትቀይራለች። ስክሪኑን እንኳ አታየውም። ዓይኗ በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ላይ ነው።

መሐል ላይ ቀና ስትል ሦስት መስመር ሙሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ደንበኛ የሰጣትን የእንግሊዝኛ ስም ጽፋ ወደ አማርኛ መመለስ ረስታ ነው። ምንም አላለችም። ደመሰሰችውና እንደገና ጀመረች።

«እንዲህ የሚሆነው ስንቴ ነው?» አልኳት።

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ፣ በቀን ስንቴ ብለህ!»

ያ የጠፋው ሦስት መስመር መጥፋት አልነበረበትም። አማርኛን የምንጽፈው አብዛኞቻችን ድምፁ የሚመሳሰለውን የእንግሊዝኛ ፊደል እየተጫንን ነው። የሰን ድምፅ በኤስና በኢ እናመጣዋለን፣ ጠን በትልቁ ቲና በኢ። ስለዚህ አማርኛው ጠፍቶ ሳለ የተጻፈው የእንግሊዝኛ ፊደል ውስጥ አማርኛው ሙሉ በሙሉ አለ። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ያንኑ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ በተመረጠው ጽሑፍ ላይ ማስኬድ ብቻ ነው። ሩሲያውያን ይህን ከፈቱት ቆይተዋል። ፑንቶ ስዊቸር የሚባል ፕሮግራም አላቸው። በተሳሳተ ቋንቋ የጻፉትን ቃል ብሬክ የምትባለዋን ቁልፍ ሲጫኑ ወደ ትክክለኛው ይገለብጥላቸዋል። የኛን የመጻፊያ ፕሮግራም የምትሠሩ ልጆች ይህን ብታነቡ፣ እባካችሁ አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ ቁጭ በሉ። ቲም ሞት ከካሊፎርኒያ ማሳቹሴትስ ድረስ ሄዶ ነው ያየው። እናንተ በታክሲ ትደርሳላችሁ።

ውሉን አትማ እስክትሰጠኝ ቴስለር ጸሐፊዋን የጠየቀውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳት። አንድ ቁልፍ ይጨመርልሽ ቢባል ምን እንዲሠራልሽ ትፈልጊያለሽ?

ለማሰብ ጊዜ አልወሰደችም። «በስህተት በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ሳልደመስስ አማርኛ የሚያደርግልኝ።»

«የት ይሁንልሽ?»

ኪቦርዷን አየት አደረገች። «ላይ ያሉትን ኤፍ ኤፍ የሚሉትን እንዳታደርጉት። እዚያ ለመድረስ እጅ ማንሳት ነው። በግራ በኩል፣ ታብ አካባቢ ይሁን። በቀኜ ወረቀት እገልጣለሁ።»